ስለ ቀዩ ብርድ ልብሴ፣ ለላንቬር ወደብ አስተዳደር የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ካፒቴን ሄስተር ቫርኮ
የላንቬር ወንዝ አፍ ወደብ አስተዳደር የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክብርት ካፒቴን ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላው ባልደረቦችዎን ጤንነት፣ ቀጥሎም የባሕር ሣሩን፣ የባሕር እንስሳቱን የአቆስጣዎቹን፣ የባለ ረጅም ምንቃር ወፎቹንና የአዲሱን ጽሕፈት ቤትዎን የመስታወት ግድግዳ ደኅንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ከዳሌዬ በቀር ደኅና ነኝ። ዳሌዬም ቢሆን ሐኪሞቹ ብረት አግብተውበት ከድሮው ይልቅ ጠንክሯል ይሉኛል፤ ከእንግዲህ ከዝገት በቀር የሚያሰጋኝ ነገር የለም ማለት ነው።

ምናልባት ስሜ ብቻውን ካላስታወሰዎ፣ እኔ ላቭዴይ ትሬገንዛ ነኝ፤ በመዝገብዎ «ያልተፈቀደ የመርከብ ምልክት፣ ምዕራብ ዳርቻ» ተብዬ የሰፈርሁት። ቤቴ ወንዙ ከባሕሩ በሚገናኝበት አፍ ላይ፣ ድንጋዩ ጫፍ ላይ ያለችው ብቸኛ ቤት ናት። ወደ መንደሩ የሚያስኬደኝን መንገድ ባሕሩ በሞላ ቁጥር ውሃ ስለሚውጠው፣ በቀን ሁለት ጊዜ ደሴት እሆናለሁ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ከሰው እቀላቀላለሁ፤ ሰው ካለ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ማውጣቴ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ። ቀደም ሲል በግል የጻፍሁልዎትን ሁሉ ጽሕፈት ቤትዎ «ለአስተያየትዎ እናመሰግናለን» በሚል መልስ ስላከበረልኝ፣ ያንኑ ክብር መንደሩ ሁሉ እንዲያይልኝ ብዬ ነው። የአካባቢያችን ጋዜጣም በአሮጌ ጀልባ ሽያጭና በሞት ማስታወቂያ መካከል ቦታ ሰጥቶኛል፤ ለዕድሜዬ የሚመጥን ቦታ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከልብስ ማስጫ ገመድ ነው። ከቤቴ ፊት ለፊት በውሃው ሥር የተጋደመ የደለል ጉብታ አለ። ባሕሩ ሲጎድል ጀልባ ያስቀራል፣ ሲሞላ ያሳልፋል፤ ከባሕር ለሚመጣ ሰው ግን የትኛው እንደሆነ ከሩቅ አይታወቀውም። ከኩሽናዬ መስኮት በታች ያለው ጥቁር ድንጋይ በውሃ ከተሸፈነ መንገዱ ክፍት ነው። ስለዚህ የዚህ ቤት ሴቶች፣ ከባለቤቴ ከፔትሮክ አያት ጀምሮ፣ ድንጋዩ ሲሸፈን ነጭ አንሶላ፣ ሲገለጥ ቀይ ብርድ ልብስ ያሰጣሉ። ነጭ ማለት ግባ፣ ቀይ ማለት ቆይ ነው። የሚያልፈውም ጀልባ አንድ ጊዜ አጠር አድርጎ ክላክስ ያሰማል፤ «አይተናል» ለማለት። እኔም እጄን አነሣለሁ። ከዚህ ያለፈ ወንጀል በዚህ ቤት አልተሠራም።

መንደሩ ይህን ገመድ ምን ያህል ያምነው እንደነበር ለማስረዳት የዓሣ አጥማጁን የዴንዚል ናንካሮውን ሠርግ ላስታውስዎ፤ እርስዎ ያን ጊዜ ገና ወደዚህ አገር አልመጡም። የሠርጉ ዕለት እኔ ዘንድ በእንግድነት ያደረ ሕፃን ቀዩን ብርድ ልብስ አበላሸብኝ፤ አጥቤ አሰጣሁትና፣ ቀሚሴን ስተኩስ ጸጉሬን ስሠራ ረሳሁት። ባሕሩ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ በጀልባ መጥቶ ወንዙ አፍ ላይ ሲደርስ ቀይ አየና መልሕቅ ጣለ። ከኋላው የሚከተሉት ዘመዶችም ተሰልፈው መልሕቅ ጣሉ። ከሚዜዎቹ አንዱ «ኧረ ጎበዝ፣ ውሃው እኮ ግጥም ብሏል፣ እንግባ» ቢለው፣ ሙሽራው «ከእትዬ ላቭዴይ አንተ ልትበልጥ ነው? ቀይ ካለች ቀይ ነው» ብሎ፣ ሙሉ ልብሱን እንደ ለበሰ፣ አበባውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ባሕሩ መሐል ተጎለተ። ሙሽሪት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ነፋስ ሲመታት ዋለች። የሙሽሪት እናት እስከ ዛሬ ሰላምታዬን በግማሽ አፏ ነው የምትመልሰው።

ከዚያ ወዲህ መንደሩ አንድ ነገር ተማረ፦ ውሃ ሞልቶ ቀይ ከታየ፣ ወይ ላቭዴይ ልብስ አጥባለች፣ ወይ እዚያ ቤት አንድ ነገር ሆኗል፤ ስለዚህ ሄዶ ማየት ነው። እኔም፣ ኃጢአት ይሁንብኝና፣ ያን ሠርግ ባሰብሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። በዓይናቸው ከሚያዩት ውሃ ይልቅ የእኔን ገመድ አመኑ። ሰው እንደዚያ ሲያምንዎ ምን እንደሚመስል እርስዎም አንድ ቀን እንዲያዩት እመኛለሁ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ የጀልባውን መንገድ ከቤቴ ፊት አንሥታችሁ ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ስለወሰዳችሁት ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። የባሕር ሣሩን ለማዳን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልዋሽ አልችልም፣ ትክክል ናችሁ። መልሕቅ ሣሩን እየነቀለ ከመስኮቴ በታች ያለውን ሁሉ የተላጨ ራስ አስመስሎት ነበር። ዛሬ ባሕሩ ሲጎድል አረንጓዴው ተጋድሞ ይታያል፣ ትንንሽ ዓሣም ይርመሰመስበታል፣ ጠዋት ጠዋት ቆሜ አየዋለሁ፤ ደስም ይለኛል። ባሳተማችሁት ወፍራም ጥናት ውስጥም «በምዕራብ ዳርቻ የሚኖሩ ፍጥረታት» የሚለውን ክፍል በጉጉት አነበብሁ። ሸርጣኑ አለ፣ ቀንድ አውጣው አለ፣ ስሙን መጥራት የሚያቅተኝ ትልም እንኳ ከነፎቶግራፉ አለ። ራሴን ፈልጌ አጣሁ።

ሁለተኛ፣ ደለሉ ላይ ስለተከላችሁት መለኪያ። ውሃው ምን ያህል እንደሆነ ለእያንዳንዱ ጀልበኛ በስልኩ ይነግረዋል። ይህም ቢሆን ከእኔ የተሻለ ነው፤ ሠርግ አይጠራም፣ የሕፃን ብርድ ልብስ አያጥብም፣ አይረሳም። ከተተከለ ወዲህ አንድም ጀልባ ደለል ላይ አልቀረም። ዴንዚል ራሱ ዳቦ ቤቱ በር ላይ አግኝቶኝ «እትዬ፣ ስልኬ ሁሉን ይነግረኛል እኮ። አንቺ ደግሞ በዚህ ብርድ ገመድ ሥር ምን አቆመሽ፣ ዕረፊ እንጂ» አለኝ። በፍቅር ነው ያለኝ። ዕረፍት እንኳ በሽ በሽ ነው፤ ላካፍል ብል የሚቀበለኝ አጣሁ እንጂ።

ሦስተኛ፣ ወፎቹ እንዳይደነግጡ ክላክስ ስለከለከላችሁ። እነሆ ወፎቹ በሰላም ይበላሉ። እኔም በሰላም እበላለሁ፤ ማንኪያዬ ሳህኑን ሲነካ እስኪያስደነግጠኝ ድረስ ሰላም ነው።

አራተኛ፣ በወንዙ ዳርቻ «ነጭ፣ ቀይ፣ ወይም እነዚህን የሚመስል ማናቸውም ጨርቅ» ለጀልበኛ በሚታይ ስፍራ እንዳይሰጣ ስለደነገጋችሁት ደንብ። ሕግ አክባሪ እንደመሆኔ፣ የውስጥ ልብሴንስ ምን ላድርገው ብዬ በጽሑፍ ጠይቄ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ በማኅተም የተረጋገጠ መልስ ልኮልኛል፤ ግራጫ ወይም የአፈር ቀለም ይመረጣል ይላል። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜ ልኩን አብሮኝ ሲኖር በዚህ ጉዳይ አስተያየት ሰጥቶኝ አያውቅም ነበር።

ደንቡ ሲወጣ ሕዝብ ተወያይቶበታል ተብሏል። ስብሰባው የተጠራው ባሕሩ ሞልቶ መንገዴን በሸፈነበት ሰዓት ነበር። በዚህ አገር ባሕሩ መቼ እንደሚሞላ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት ስለሌለ፣ አጋጣሚ ነው ብዬ ለማመን ብዙ ጥሬአለሁ። ቃለ ጉባኤው «ከምዕራብ ዳርቻ የቀረበ ተቃውሞ የለም» ይላል። እውነት ነው፤ ተቃውሞዋ ካፖርቷን ለብሳ፣ ውሃው እስኪጎድል መስኮት ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር።

አምስተኛ ብዬ የጻፍሁትን ሰርዤዋለሁ። ስድብ ነበረበት።

ክብርት ካፒቴን ሆይ፣ ደንቡ ከወጣ በኋላም ማስጣቴን አልተውሁም። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ በፖስታ ደረሰኝ፤ አንብቤ፣ አጣጥፌ፣ ከሰዓቱ ሥር አስቀመጥሁት፤ ሄጄም አንሶላዬን አሰጣሁ። ለማን ነው የምታሰጪው ይሉኝ ይሆናል። የሚያይ እንደሌለ አውቃለሁ። ግን ድንጋዩ ሲሸፈን እጄ ራሱ ይነሣል። ጀልባ ባያልፍም እጄን አውለበልባለሁ፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ዛሬ ለእርስዎና ለጋዜጣው አንባቢ ተናገርሁት።

ገመዱ ለእኔ ምን እንደሆነ ከገባዎ ሌላው ሁሉ ይገባዎታልና ትንሽ ይታገሡኝ። ፔትሮክ የሞተ ዕለት ቁርሱን እየበላ ነበር። ሻይ ልቀዳለት ዞር አልሁ፤ ስመለስ የለም። እጁን ይዤ አጠገቡ ቁጭ አልሁ። ስልክ አልደወልሁም፣ አልጮኽሁም፤ ምንም ማድረግ አልቻልሁም። ባሕሩ ሞላ፣ ገመዱ ላይ ያለው ግን ቀይ እንደሆነ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ የዴንዚል ጀልባ ቤቴ ሥር ተጠጋ፣ ከኋላው ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ዴንዚል ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመና «ውሃው ሞልቶ ቀይ ሆነብኝ፣ እትዬ» ብቻ አለ። ሳልጠራቸው መጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ገመድ የማየው እንደ ሌላ ዓይን ነው፤ ሰው ሁሉ እኔን የሚያይበት ዓይን።

በዚህ በብርዱ ወራት ደግሞ ተራው የእኔ ሆነ። ጠዋት ባሕሩ ጎድሎ ቀዩን አስጥቼ ስመለስ የኩሽናው ደፍ አዳለጠኝ። ዳሌዬ ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁት። ስልኬ ፎቅ ላይ ነበር፤ እኔ ቤት ስልክ የሚሠራው እዚያ፣ መስኮቱ ጥግ ብቻ ነውና። ወለሉ ላይ ተጋድሜ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፦ ባሕሩ ይሞላል፣ ገመዱ ቀይ ሆኖ ይቆያል፣ ሰው ይመጣል። ባሕሩ ሞላ። ከማዶ፣ ከምሥራቁ ዳርቻ፣ የጀልባ ሞተር ሰማሁ። የዴንዚልን ሞተር ለይቼ አውቀዋለሁ፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያስነጥሳል። እያስነጠሰ አለፈ። ባሕሩ ጎደለ፣ መሸ፣ እንደገና ሞላ።

አልተቀየምሁትም። ስልኩ ውሃው በቂ ነው ብሎታል፣ ውሃውም በቂ ነበር። ከዚያ ርቀት ደግሞ ቀዩና ነጩ አይለይም። መለኪያው አልተሳሳተም፣ ዴንዚል አልተሳሳተም፣ ሣሩም ምን አጠፋ? ወለሉ ላይ ሆኜ ያስለቀሰኝ እሱ ነው። የምረግመው ሰው እንኳ አጣሁ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ የመጣልኝ፣ ክብርት ካፒቴን፣ የእርስዎ ሰው ነው። መለኪያው ላይ የተተከለው፣ ጀልባ የሚቆጥረው ካሜራችሁ ቀይ ጨርቅ ቀንም ሌሊትም ሳይነሣ መዋል ማደሩን ስላየ፣ ነገሩ «ከባድ ጥሰት» ሆኖ ተገኝቶ፣ ወጣቱ ባልደረባዎ ኪት ፖልግላዝ ሁለተኛውን ማስጠንቀቂያ በእጅ ሊያደርስ ውሃው ሲጎድል ተሻግሮ መጣ። አንኳኳና «እማማ፣ ከወደብ አስተዳደር ነው፣ ፈርመው ይቀበሉኝ» አለ። «ግባና አስፈርመኝ፣ እጄ ደኅና ነው» አልሁት። በሩን ገፍቶ ሲያየኝ ወረቀቱ ከእጁ ወደቀ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ ለእኔ የደገሰልኝ በእናንተ ጽሕፈት ቤት በኩል መሆኑን ግን ሐኪሞቹም ሲሰሙ አላመኑም።

ልጁ ፎቅ ወጥቶ እርዳታ ጠራ። ሲወርድ ስንቀጠቀጥ አየኝና ኮቱን አለበሰኝ፤ አልበቃ ሲለው ወደ ውጭ ሮጦ፣ ነፋስ ያደረቀውን ቀዩን ብርድ ልብስ ከገመዱ ነጥቆ አመጣና እስከ አገጬ ሸፈነኝ። የእናንተ ትእዛዝ የተፈጸመው በዚያች ቅጽበት ነው። ከዚያ በኋላ እጁን የሚያደርግበት አጥቶ ሲንቆራጠጥ ሳየው አሳዘነኝና «እስኪ ማስጠንቀቂያውን አንብብልኝ፣ መነጽሬ ሩቅ ነው» አልሁት። እርዳታው እስኪደርስ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ አንቀጽ በአንቀጽ አነበበልኝ። ፔትሮክ ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት ድምፁን አውጥቶ ያነበበልኝ ሰው አልነበረም። ቅጣትን የሚመለከተውን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አስደገምሁት።

ሆስፒታል ሳለሁም አልረሳችሁኝም። «ያልተፈቀደው ምልክት በመነሣቱ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን፤ ጉዳዩ ተዘግቷል» የሚል ደብዳቤ አልጋዬ ድረስ ደርሶኛል። ዴንዚልም ሻፍራን የሚባል ቢጫ ቅመም የገባበት ዳቦ ይዞ መጥቶ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ «አላየሁም፣ እትዬ። ስልኩን ነበር የማየው» አለኝና እንደ ልጅ አለቀሰ። ዳቦውን ለሁለት ተካፈልነው። ሲወጣ ሰላም በይልኝ የሚለው ሰው አጥቶ፣ ለቤትሽ ሰላም በይልኝ አለኝ።

አሁን ቤቴ ተመልሻለሁ፣ በከዘራ ነው የምሄደው። የጤና ጣቢያው ሰዎች ስወድቅ የምጫነው ደወል አንገቴ ላይ አንጠልጥለውልኛል። ጥሩ ነገር ነው፣ ዕድሜ ይስጥልኝ ብያቸዋለሁ። ደወሉ ግን ለወደቀ ሰው ነው። ቆሞ ለሚውል ሰው የተሠራ ነገር እንዳለ ብጠይቃቸው፣ በጸደይ የሚከፈት የሹራብ ሥራ ማኅበር አለ አሉኝ፤ ስብሰባው ባሕሩ በሚሞላበት ሰዓት ነው።

እንግዲህ ልመናዬን ላቅርብ። መንገዱን መልሱልኝ አልልም፤ ሣሩ ይደግ። ክላክሱም ይቅር፤ ወፎቹ ይብሉ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የዘጋችሁትን ክስ መልሳችሁ ክፈቱልኝ፣ እንዳታቋርጡብኝም። ድንጋዩ ሲሸፈን ነጭ፣ ሲገለጥ ቀይ አሰጣለሁ፤ ደንቡንም ሁለቱንም ጊዜ እጥሳለሁ። በዚህ ወንዝ ላይ ዛሬ ወደ ቤቴ የሚያይ የእናንተ ካሜራ ብቻ ነው፣ እሱንም እንዳታዞሩብኝ። ማስጠንቀቂያዬም በፖስታ ሳይሆን በሰው እጅ ይምጣልኝ፤ ኪት ቢያመጣው እመርጣለሁ፣ አንባቢ ነው። ውሃው መንገዱን ከሸፈነበት እስኪጎድል ድረስ እኔ ዘንድ መቆየት ይኖርበታል፤ ሻይ አፈላለታለሁ። ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ፣ ሻይ አይከለክልም።

ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው። ለእኔ የታዘዘልኝ መድኃኒት ከእነማኅተሙ የሚመጣ ከሆነም፣ ጎንበስ ብዬ እቀበላለሁ።

ለመሥሪያ ቤትዎ ብርታትን፣ ለሣሩ ልምላሜን፣ ለካሜራችሁ የጠራ ዓይን እየተመኘሁ፣ እንደ ወትሮው በከፍተኛ አክብሮትና ባለመታዘዝ እሰናበታለሁ።

በቀን ሁለት ጊዜ ደሴት፣
ዘወትር የደንብዎ ቁጥር አንድ ተላላፊ፣
ላቭዴይ ትሬገንዛ
ምዕራብ ዳርቻ፣ ከጥቁሩ ድንጋይ በላይ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ አንድ ቀን ካሜራችሁ ገመዱን ባዶ ያየው እንደሆነ፣ ነጭም ቀይም የጠፋ እንደሆነ፣ እባክዎ «በመጨረሻ ደንቡን አከበረች» ተብሎ በዓመታዊ ሪፖርታችሁ እንዳይጻፍልኝ። ያን ዕለት ኪትን ላኩልኝ። ማስጠንቀቂያ መያዝ አያስፈልገውም።